ድሮ ቀመስ ሃምባከር ለመግዛት ላሰባችሁ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ባለፈው ጊዜ በዚህ ዓምድ ስለ ጊታር ክር ውፍረት ከጻፍን ወዲህ የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ክሩን ትተው ከሥሩ ወዳለው ፒክአፕ፣ ማለትም የክሩን ንዝረት በማግኔትና በሽቦ ጥቅልል ወደ ኤሌክትሪክ ወደሚለውጠው ዕቃ፣ በተለይም ሃምባከር ወደሚባለው ባለ ሁለት ጥቅልል ፒክአፕ ገብተዋል። ከመካከላቸው አራቱን መርጠናል። የመጀመሪያው ጥያቄ የሌሎቹንም ግማሽ ስለሚመልስ ሰፋ ያለ ቦታ ሰጥተነዋል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ በሠርግና በሆቴል በሚሠራ ባንድ ውስጥ ጊታር ስጫወት ሰባት ዓመት ሆኖኛል። ጊታሬ ሌስ ፖል የሚባለው የጊብሰን ሞዴል ቅርጽ ያለው፣ ቻይና የተሠራ፣ እንጨቱም አንገቱም የማይከፋ ነው። ችግሬ ድምፁ ነው። በአንገት ፒክአፕ ትዝታ ስጫወት ወፍራሞቹ ክሮች እርስ በርሳቸው ተደበላልቀው ጭቃ ይሆኑብኛል፤ በብሪጁ፣ ማለትም በክሮቹ ማረፊያ በኩል ባለው ፒክአፕ ደግሞ ይጮኻል እንጂ አይዘፍንም። ሜሪላንድ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ በቅርቡ ስትመጣ ሁለት ፒክአፕ ልታመጣልኝ ቃል ገብታለች። እኔ የምወደው የድሮውን የጊብሰን ድምፅ ነው። ኢንተርኔት ላይ ስመለከት ግን አንዱ 7.4፣ ሌላው 8.2፣ ሌላው 14፣ ሌላው 16 ኪሎ ኦም ይላል። ከፍ ያለው ቁጥር የተሻለ ነው ማለት ነው? ማግኔቱስ፣ አልኒኮ ከሚባለው ቅይጥ ብረት፣ አልኒኮ 2 ይሁን ወይስ አልኒኮ 5? ልጅቷን ከማስቸገሬ በፊት ቢመክሩኝ። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ከቁጥሩ በመጀመርዎ አይፈረድብዎትም፤ ሻጮቹ ራሳቸው ከሁሉ አጉልተው የሚጽፉት እሱን ነው። ነገር ግን ኪሎ ኦም የፒክአፕን ጉልበት አይለካም። የሚለካው በጥቅልሉ ላይ የተጠመጠመው የመዳብ ሽቦ ለኤሌክትሪክ የሚያሳየውን ተቃውሞ ብቻ ነው። ሽቦው በቀጠነ ቁጥር ተቃውሞው ይጨምራል፤ ስለዚህ ሁለት ፋብሪካዎች እኩል ዙር ጠምጥመው፣ አንደኛው ቀጭን ሽቦ ስለተጠቀመ ብቻ፣ እጅግ የተራራቀ ቁጥር ሊጽፉ ይችላሉ። እንዲያውም የአየሩ ሙቀት ራሱ ቁጥሩን ይለውጠዋል። የመዳብ ተቃውሞ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በመቶ 0.4 ያህል ስለሚጨምር፣ በ20 ዲግሪ 8.0 የሚያሳይ ፒክአፕ ደብረ ብርሃን በጠዋት ብርድ በ10 ዲግሪ ቢለኩት 7.7፣ ድሬዳዋ በ30 ዲግሪ ቢለኩት ደግሞ 8.3 ገደማ ያሳያል። በ8.0 እና በ8.2 መካከል ለመምረጥ እንቅልፍ የሚያጡ ወዳጆቼ ይህን ሲሰሙ ቅር ይላቸዋል።

ቁጥሩ የሚጠቅመው አንድ ዓይነት ሽቦ ያላቸውን ፒክአፖች ለማወዳደር ነው። የድሮው ሃምባከር ሽቦ በአሜሪካ መለኪያ 42 ቁጥር የሚባለው ነው፤ ውፍረቱ 0.063 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም እንደ ሰው ጠጉር ሆኖ፣ ኤናሜል የሚባል ቡናማ ሽፋን የተቀባ ነው። በእያንዳንዱ ጥቅልል ላይ አምስት ሺህ ዙር ገደማ ይጠመጠማል። በዚህ ሽቦና በዚህ ዙር የተሠራ ሃምባከር በአብዛኛው ከ7 እስከ 9 ኪሎ ኦም ያሳያል። 14 ወይም 16 የተጻፈበት ሌላ ዕቃ ነው። እነዚያ ከ1970ዎቹ ወዲህ፣ አምፕሊፋየሩን በኃይል ገፍቶ ድምፁን ለማሻከር የተሠሩ ናቸው፤ በዚያው መጠን ቀጭኑን ድምፅ ይቀንሳሉ፤ የጣትዎንም አመታት ልዩነት ያስተካክሉታል፤ በቀስታ ቢመቱም በኃይል ቢመቱም የሚወጣው ድምፅ ይቀራረባል። ለከባድ ሮክ ይህ በጎ ነገር ነው። አንዱን ድምፅ አለስልሶ ቀጣዩን ማጥበቅ ለሚጠይቀው ትዝታ ግን የሚያስፈልገው የዚህ ተቃራኒ ነው።

የድሮው ድምፅ ከየት እንደመጣ ማወቅ ለምርጫዎ ይረዳዎታል። ሃምባከርን የፈለሰፈው በሚቺጋን ግዛት ካላማዙ ከተማ በጊብሰን ፋብሪካ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ሴት ሎቨር ነው። የፈጠራ ማመልከቻውን ያስገባው በሰኔ 1955 ሲሆን፣ መብቱ የተሰጠው በሐምሌ 1959 ነው። ዓላማው የድምፅ ውበት አልነበረም። ባለ አንድ ጥቅልል ፒክአፕ ከትራንስፎርመርና ከመብራት መስመር የሚለቅመውን ጉርምርምታ ለማጥፋት ነበር፤ በእኛ አገር 50፣ በአሜሪካ 60 ኸርዝ ላይ የሚሰማው ማለት ነው። ሁለት ጥቅልሎችን ጎን ለጎን አድርጎ፣ ከሥራቸው አንድ ማግኔት አስተኝቶ፣ አንደኛው ከማግኔቱ ሰሜን ዋልታ ሌላው ከደቡብ ዋልታው ጋር እንዲገናኝ አደረገ። ከውጭ የሚመጣው ጉርምርምታ በሁለቱ ጥቅልሎች ውስጥ ተቃራኒ ሆኖ ይጠፋፋል፤ የክሩ ድምፅ ግን ይደመራል። እያንዳንዱን ክር ለብቻው ከፍና ዝቅ ለማድረግ የሚያገለግሉት ብሎኖች እንኳ በመጀመሪያው ናሙናው ላይ አልነበሩም፤ የሽያጭ ሰዎቹ ለገዢ የሚያሳዩት ነገር ስለፈለጉ ተጨመሩ። እነዚያው ብሎኖች ዛሬ ለእርስዎ ችግር መድኃኒት ሊሆኑ ነው፤ ወደ እነሱ እመለሳለሁ።

ፒክአፑ በ1957 በሌስ ፖል ጊታሮች ላይ ሲገጠም ጀርባው ላይ «ፓተንት አፕላይድ ፎር»፣ ማለትም የፈጠራ መብት ማመልከቻ ቀርቦበታል፣ የሚል ትንሽ ወረቀት ይለጠፍበት ነበር። ጊታረኞች የእንግሊዝኛውን መነሻ ፊደላት ገጣጥመው ፓፍ ይሉታል። የዚያ ዘመን ሥራ ዝርክርክ ነበር። የመጠምጠሚያው ማሽን በራሱ የሚቆም ስላልነበረ ሁለቱ ጥቅልሎች እኩል ዙር የሚይዙት በአጋጣሚ ነው። ማግኔቱም በዕለቱ ከመጋዘን የተገኘው ነበር፤ አንዳንዱ አልኒኮ 2፣ አንዳንዱ 4፣ አንዳንዱ 5 ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ «ትክክለኛው የፓፍ ድምፅ ይህ ነው» የሚል ማስታወቂያ ሲያዩ የትኛው ፓፍ ብለው ይጠይቁ። ሁሉንም የሚያመሳስላቸው ጉልበታቸው መጠነኛ፣ ቀጭኑ ድምፃቸው ክፍት መሆኑ ነው። ጥቅልሎቹ እኩል ካልሆኑ ደግሞ ጉርምርምታው ሙሉ በሙሉ አይጠፋፋም፤ በምትኩ ድምፁ ትንሽ አየር ያገኛል። ጊብሰን በርስትባከር በሚለው ሞዴሉ ሆን ብሎ የቀዳው ይህን መዛባት ነው። 57 ክላሲክ የሚለው ሞዴሉ ግን እኩል ጥቅልል አለው።

አሁን ወደ ጊታርዎ እንምጣ። የአክስትዎን ልጅ ከማዘዝዎ በፊት አንድ ምሽት በካቻቢቴና በማስመሪያ ይሥሩ። ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ እንደ እርስዎ ያለ ጊታር ይዞ መጥቶ ነበር። የአንገቱ ፒክአፕ ከክሩ ሥር ሊነካ ምንም አልቀረውም፤ ወፍራሙን ክር በመጨረሻው ፍሬት (አንገቱ ላይ በተሰካው የመጨረሻ ቀጭን ብረት) ላይ ስንጫነው ከታቹ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አልነበረም። በወፍራሙ ክር በኩል ያለውን የጎን ብሎን እየፈታን፣ አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ሦስት ዙር እያልን ዝቅ አደረግነው፤ ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ሁለቱን ወፍራም ክሮች አብረን እየመታን አዳመጥን። በአራተኛው ዙር ላይ፣ ርቀቱ ሦስት ሚሊ ሜትር ሲሞላ፣ እስከዚያ እንደ አንድ ድምፅ ይሰሙ የነበሩት ክሮች ለሁለት ተለያዩ። ከዚያ የሦስቱን ቀጫጭን ክሮች የመሐል ብሎኖች ግማሽ ግማሽ ዙር ከፍ አደረግን። ወዳጄ ፒክአፕ ሳይገዛ ወደ ቤቱ ሄደ።

ጊብሰን የሚመክረው መነሻ፣ ክሩ በመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭኖ፣ በአንገት በኩል 2.4፣ በብሪጅ በኩል 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ ተነሥተው በጆሮዎ ይሂዱ። የቀረበ ፒክአፕ ጉልበተኛ ይመስላል እንጂ አይጠራም፤ የጎደለውን የድምፅ መጠን አምፕሊፋየሩ ላይ ይጨምሩታል፤ የጎደለውን ጥራት ግን ማንም አይጨምርልዎትም።

ሁለተኛው ነገር ባለሙያዎች ፖት የሚሏቸው የቮልዩምና የቶን ማዞሪያዎች ናቸው። የጀርባውን ክዳን ይክፈቱና ማዞሪያዎቹ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። ለሃምባከር የተለመደው 500 ኪሎ ኦም ነው። 250 የሚል ካገኙ፣ ባለ አንድ ጥቅልል ፒክአፕ ማዞሪያ ተገጥሞልዎታል ማለት ነውና ምንም ዓይነት ውድ ፒክአፕ ቢያስገቡ ቀጭኑ ድምፅ ታፍኖ ይቀራል። 500 የተጻፈበትም ቢሆን ሲለኩት 400 ወይም 600 ሊያሳይ ይችላል፤ በመቶ ሃያ ግራ ቀኝ ማለት በዚህ ዕቃ የተለመደ ነው። ቴስተር ያለው የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ካገኙ፣ ሽቦውን ፈትቶ ይለካልዎትና ከፍ ያለውን ለአንገቱ ፒክአፕ ቮልዩም ያድርገው። የአንገቱ ነው ክፍት መሆን ያለበት። ገመድዎ ረጅም ከሆነም ያሳጥሩት፤ አንድ ሜትር ገመድ ብዙውን ጊዜ ቀጭኑን ድምፅ የሚበላ መቶ ፒኮፋራድ ያህል የኤሌክትሪክ ክምችት ስለሚጨምር፣ ዘጠኝ ሜትሩን ገመድ በአራት ሜትር መለወጥ ብቻ ለድምፁ መስኮት ይከፍትለታል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ጭቃው ካልጠራ፣ ያን ጊዜ ይግዙ። ለአንገቱ ከ7.0 እስከ 7.5 ኪሎ ኦም የሆነ፣ አልኒኮ 5 ማግኔት ያለው ይሁን። አልኒኮ 5 ወፍራሙን ድምፅ አጥብቆ ይይዛል፣ ቀጭኑንም ያወጣል፤ እርስዎ የጎደለዎት ይኸው ነው። ሴይሞር ደንከን የተባለው የፒክአፕ ኩባንያ 59 የሚለው የአንገት ሞዴል ከዚህ ወገን ነው። ለብሪጁ ግን አልኒኮ 2፣ ከ8.0 እስከ 8.5 ያለውን እመርጥልዎታለሁ። አልኒኮ 2 ደካማና ለስላሳ ማግኔት ነው፤ የሚጮኸውን ጠርዝ ይሞርድልዎታል። ብዙ ሰው ሁለቱንም ከአንድ ዓይነት፣ በአንድ ሣጥን የመጣ ጥንድ አድርጎ ይገዛል። እኔ አይስማማኝም፤ የአንገቱና የብሪጁ ሕመም አንድ ካልሆነ መድኃኒቱም አንድ ሊሆን አይችልምና። ብቻ ሁለቱን ከአንድ ኩባንያ ይግዙ። ምክንያቱን ለሐዋሳው ጠያቂ በምንሰጠው መልስ ውስጥ ያገኙታል።

ለአክስትዎ ልጅ በሚልኩት መልእክት ላይ ከሞዴሉ ስም በተጨማሪ ሦስት ነገሮች ይጻፉላት፤ የአንገትና የብሪጅ ተብለው የተለዩ እንዲሆኑ፣ የክር ርቀታቸው 50 ሚሊ ሜትር ገደማ እንዲሆን፣ ገመዳቸውም ባለ አራት ሽቦ እንዲሆን። ባለ ሁለት ሽቦውና በብረት መረብ የተጠቀለለው የድሮው ገመድ ለዓይን ያምራል፤ አንድ ነገር ሲበላሽ ግን ሽቦ አለዋውጦ ለማስተካከል ፋታ አይሰጥም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የ17 ዓመት ልጅ ነኝ፤ ጊታር መማር ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ ነው። ጊታሬ የስትራቶካስተር ቅርጽ ያለው ሲሆን ብሪጁ ላይ የሃምባከር ቦታ አለው። አንድ ሰው ያገለገለ ፒክአፕ ሊሸጥልኝ ነው። ጀርባው ላይ «ፓተንት አፕላይድ ፎር» የሚል ወርቅማ ጽሑፍ አለው፣ አንዱ ጥቅልል ጥቁር ሌላው ነጭ ነው። የ1959 ነው ይላል። የጠየቀኝ ብር የቤተሰቤን የሁለት ወር ወጪ ያክላል። ልግዛው? (ከጎንደር)

መልስ፦ አትግዛው፣ ልጄ። እውነተኛ ፓፍ ዛሬ ነጠላው በሺዎች ዶላር ስለሚሸጥ፣ ሰውየው እውነቱን ቢሆን ኖሮ አንተ በምትችለው ዋጋ አይሰጥህም ነበር፤ እውነቱን ካልሆነ ደግሞ የጠየቀህ ብዙ ነው። ያ ጽሑፍ ማስረጃ አይሆንም። ዛሬ ድሮ ቀመስ ፒክአፕ የሚሠሩ ብዙ አምራቾች ይህንኑ ወረቀት ይለጥፋሉ፤ ወረቀቱ ራሱ ለብቻው ይሸጣል። ስለ ወረቀቱ አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገርህ። ሎቨር መብቱን ያገኘው በ1959 ቢሆንም ጊብሰን አሮጌውን ወረቀት እስከ 1962 አካባቢ መለጠፉን ቀጠለ። ከዚያም በምትኩ የፓተንት ቁጥር ጻፈ። የጻፈው ቁጥር ግን የሃምባከሩ ሳይሆን ጊታሩ በስሙ የተጠራለት ጊታረኛ ሌስ ፖል ለፈጠረው የክር ማሰሪያ የተሰጠው ነበር። ተወዳዳሪዎች ትክክለኛውን ሰነድ ፈልገው እንዳያገኙ ሆን ተብሎ ነው የሚሉ አሉ፤ ስሕተት ነው የሚሉም አሉ።

ጥቁርና ነጭ መሆኑም ዋጋ ሊያስጨምርብህ አይገባም። ለጥቅልሉ ማቀፊያ የሚሆነው ጥቁር ፕላስቲክ ሲጎድል በነጭ ሠሩት፤ በዚያ ዘመን ከብረት ክዳኑ ሥር ስለሚሸፈን የሚያየውም አልነበረም። የፕላስቲክ ቀለም ድምፅ የለውም።

እኔም በወጣትነቴ እንዲህ ዓይነት «የድሮ ዕቃ» ገዝቼ አውቃለሁ። ድምፁ የታፈነ ስለሆነብኝ ክዳኑን በመበየጃ አሙቄ ፈታሁት። ከሥር የጠበቅሁት ግራጫማ የአልኒኮ ማግኔት ነበር፤ ያገኘሁት ጥቁር የሴራሚክ ቁራጭ ነው። ክዳኑን በቢላ ጫፍ ስጭረው ደግሞ ከኒኬሉ ሥር ቢጫ ነሐስ ብቅ አለ። ጥሩ ክዳን የሚሠራው የጀርመን ብር ከሚባለው፣ ስሙ እንጂ ብር ከሌለበት፣ ከመዳብ፣ ከኒኬልና ከዚንክ ቅይጥ ነው። ነሐስ ኤሌክትሪክን ይበልጥ ስለሚያስተላልፍ በውስጡ የሚሽከረከር ትንሽ ኃይል ይፈጠርና ቀጭኑን ድምፅ ይበላዋል። ሻጩን ፈልጌ አላገኘሁትም።

ለአንተ ጊታር ከሁሉ በፊት ማስመሪያ ያስፈልግሃል። ፒክአፑ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ከመጀመሪያው ክር መሐል እስከ ስድስተኛው ክር መሐል ለካ። በጊብሰን ዓይነት ጊታር 50 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በስትራቶካስተር ዓይነት ብሪጅ ላይ ግን ብዙ ጊዜ 52 ወይም 53 ነው። ክሮቹ ከብሎኖቹ አናት ወጣ ካሉ የዳር ክሮች ድምፅ ሊደክም ይችላል፣ ለዓይንም ያስጠላል። አምራቾች ለዚህ ሰፋ ያለ ሞዴል አላቸውና ስታዝ ይህን ንገራቸው። ለአሁኑ ግን ገንዘብህን ይዘህ ቆይ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ጆሮህ የሚፈልገው ነገር ተለውጦ ታገኘዋለህ።

ጥያቄ፦ የአንገቱን ፒክአፕ በድሮ ቀመስ ሃምባከር ቀየርኩ። ለየብቻቸው ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ማብሪያውን መሐል ላይ አድርጌ ሁለቱን አንድ ላይ ስከፍት ግን ድምፁ ቀጥኖና ባዶ ሆኖ በአፍንጫ የሚዘፈን ይመስላል። ፒክአፑ ተበላሽቶ ነው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አልተበላሸም፤ ሁለቱ ተቃራኒ ሆነዋል። አንዱ ወደ ላይ ሲገፋ ሌላው ወደ ታች ስለሚስብ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋፋል። የተለያዩ ኩባንያዎች ጥቅልሉን የሚጠመጥሙበት አቅጣጫና ማግኔቱን የሚያስተኙበት ጎን አንድ ስላልሆነ፣ ሁለት ዓይነት ሲቀላቀል ይህ ይደርሳል። ለማረጋገጥ ባለ መርፌ ቴስተር ያግኙና ተቃውሞ ለመለካት አድርገው፣ ጫፎቹን ከአንደኛው ፒክአፕ ሁለት ሽቦዎች ጋር ያገናኙ። ከዚያ ካቻቢቴዎን በፒክአፑ ብሎኖች ላይ ቀስ ብለው ያሳርፉና መርፌው በዚያች ቅጽበት ወዴት ብልጭ እንዳለ ያስተውሉ። ሌላውንም እንዲሁ ያድርጉ፤ የቴስተሩ ቀዩ ጫፍ በሁለቱም ጊዜ የድምፅ መውጫው ሽቦ ላይ መሆን አለበት። መርፌው አንዱ ላይ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ላይ ወደ ግራ ከሄደ ጉዳዩ ይኸው ነው።

መፍትሔው በገመዱ ዓይነት ይወሰናል። ባለ አራት ሽቦ ከሆነ መውጫውንና ግራውንዱን ማለዋወጥ ብቻ ነው፤ አምስተኛው ራቁት ሽቦ ግን ከግራውንዱ አይነቀል። በብረት መረብ የተጠቀለለው ባለ ሁለት ሽቦ ከሆነ ይህን በፍጹም አያድርጉ፤ መረቡና የፒክአፑ ክዳን ድምፅ ተሸካሚ ይሆኑና በነኩት ቁጥር ይጮኻል። ያን ጊዜ ከሥር ያሉትን አራት ብሎኖች አላልተው፣ ማግኔቱን በጎን በኩል ገፍተው ያወጡትና ሁለቱ ረጃጅም ጎኖቹ ቦታ እንዲለዋወጡ ገልብጠው ይመልሱት።

ከማስተካከልዎ በፊት ግን አንድ ሳምንት ይታገሡት። እንግሊዛዊው ብሉዝ ተጫዋች ፒተር ግሪን በ1959 ሌስ ፖሉ የታወቀበት ያ የሚያለቅስ የመሐል ድምፅ የአንገት ፒክአፑ ማግኔት ተገልብጦ በመገኘቱ የመጣ ነው። ለአምባሰል ቢሞክሩት ምናልባት ይወዱት ይሆናል።

ጥያቄ፦ በቤተ ክርስቲያናችን የመዝሙር ቡድን ውስጥ ጊታር እጫወታለሁ። ባለቤቴ በልደቴ ቀን በድሮው አሠራር የተሠሩ ሃምባከሮች አስገጠመልኝ፤ ድምፃቸው ግሩም ነው። ነገር ግን የአምፕሊፋየሩን ድምፅ ትንሽ ከፍ ሳደርግ ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ይመጣል፤ ክዳኑን በጥፍሬ ስነካው እንኳ በድምፅ ማጉያው ይሰማል። ሰም ውስጥ ማስነከር ይጠቅማል አሉኝ። እኔው ቤት ውስጥ ላደርገው እችላለሁ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ይችላሉ፤ ምናልባት ግን አያስፈልግዎትም። የ1950ዎቹ ሃምባከሮች በሰም አልተነከሩም ነበር፤ የሴይሞር ደንከን ኩባንያ ከሎቨር ከራሱ ጋር ሆኖ በ1990ዎቹ ያወጣው በስሙ የተጠራው ሞዴልም ለዚሁ ታማኝ ሆኖ ሰም የለውም። ያልተነከረ ፒክአፕ ውስጥ ሽቦውና ክዳኑ ጥቂት ስለሚንቀጠቀጡ ፒክአፑ እንደ ማይክሮፎን መስማት ይጀምራል። ጥፍርዎ የሚሰማው ለዚህ ነው። ለአንዳንዶች ይህ ሕይወት ያለው ድምፅ ነው፤ ከድምፅ ማጉያ ፊት ለፊት ለሚቆም ሰው ግን ፈተና ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ከአምፕሊፋየሩ ሁለት ሜትር ራቅ ይበሉ፣ ጊታሩንም ወደ ማጉያው ቀጥታ አያዙሩት። ፉጨቱ ጊታሩ ላይ እጅዎን ሲያሳርፉ የሚቆም ከሆነ ምናልባት ምንጩ ጥቅልሉ ሳይሆን ፒክአፑን የያዙት የጎን ብሎኖች ስፕሪንግ ነው፤ በስፕሪንጉ ፋንታ ቀጭን የጎማ ቱቦ ማስገባት ብቻውን ዝም ሊያሰኘው ይችላል።

ይህ ሁሉ ካልሠራ ወደ ሰሙ ይሂዱ። አራት እጅ የፓራፊን ሰምና አንድ እጅ የንብ ሰም ይቀላቅሉ። ሰሙን የያዘውን ቆርቆሮ በሞቀ ውኃ ድስት ውስጥ ያስቀምጡ እንጂ እሳት ላይ በቀጥታ አይጣዱት፤ ሰም በቀላሉ ይቀጣጠላል። ቴርሞሜትር የግድ ያስፈልግዎታል። ሙቀቱ ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሁን። በድሮው አሠራር የጥቅልሉ ማቀፊያ ቡቲሬት ከሚባል ፕላስቲክ ስለሚሠራ ከዚህ በላይ ቢሞቅ ይጣመማል፤ ያን ጊዜ ሽቦው ተበጥሶ የባለቤትዎ ስጦታ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊጠፋ ነው። ፒክአፑን በገመዱ አንጠልጥለው ያስገቡ፤ ትናንሽ የአየር አረፋዎች መውጣት ይጀምራሉ። ለድሮ ቀመስ ድምፅ አረፋው እስኪያበቃ መጠበቅ አይገባም፤ አምስት ደቂቃ በቂ ነው፤ ዋናው ዓላማ በክዳኑና በጥቅልሉ መካከል ያለው ክፍተት ሰም እንዲይዝ ነው። ሲያወጡት በጨርቅ ጠርገው፣ ክዳኑ ከጥቅልሉ አናት ጋር ገጥሞ እንዲቀዘቅዝ በትንሽ መቆንጠጫ እንደተጫነ ለአንድ ሰዓት ይተዉት።